በአንድ ባይት ላይ የቆመ ጨዋታ፦ የፖኬሞን ቀይና ሰማያዊ ብርታትና ጉድለት

መቶ በመቶ ይመታል የተባለ ጥቃት አንዳንዴ ይስታል። ከባድ ምት እንዲበዛ ታስቦ የተሠራው ስልት ከባድ ምትን ይቀንሳል። መንፈስን ይፈራል የተባለው ዓይነት፣ መንፈስ ሲመታው ንክች አይለውም። ፍጥረታትን እየያዙ የሚያፋልሙባቸውን ፖኬሞን ቀይን ወይም ሰማያዊን በጥሞና የተጫወተ ሁሉ ከእነዚህ አንዱን አይቷል፤ ብዙው ሰው ግን የዕድል ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል። ዕድል ብቻ አይደለም። ይህ ጨዋታ በጣም ጠባብ ቦታ ውስጥ የተጨመቀ ሂሳብ ነው፤ የሚወደድበትም የሚታማበትም ነገር የወጣው ከዚያው ጥበት ነው።

ጥበቱ ምን ያህል እንደሆነ እንይ። ጨዋታው የተሠራለት የኒንተንዶ የእጅ ማሽን፣ ጌም ቦይ፣ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1989 ሲወጣ ስክሪኑ በወርድ 160፣ በቁመት 144 ነጥብ ነበር፤ የሚያሳየውም ከጥቁር እስከ ነጣ ያለ አራት እርከን ብቻ ነው። ለሥራ የተመደበለት ማህደረ ትውስታ 8 ኪሎባይት ነው፤ ለምስል ሌላ 8 ኪሎባይት አለው። ሳቶሺ ታጂሪ የመሠረተው ጌም ፍሪክ ይህን ጨዋታ መሥራት የጀመረው በ1990 ሲሆን፣ ቀይና አረንጓዴ ተብሎ ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የበቃው ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1996 ነው። ያኔ ማሽኑ ሰባተኛ ዓመቱን ሊደፍን ተቃርቦ ነበር። አሜሪካ የደረሰው ደግሞ በሴፕቴምበር 1998፣ ቀይና ሰማያዊ በሚል ስም ነው። እዚህ የምንናገረው ስለዚህ የእንግሊዝኛ እትም ነው። 151 ፍጥረታት ከነምስላቸው፣ ከነድምፃቸውና ከነስልታቸው፣ ከተሞቹ፣ ዋሻዎቹና ሙዚቃው ሁሉ የገቡት በ1 ሜጋባይት ካርትሪጅ ውስጥ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ብዙ ጊዜ ከዚያ ትበልጣለች።

ገመዱ፦ የጨዋታው ልብ

ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት ይሰበስብ ነበር። ጌም ቦይን ከጌም ቦይ የሚያገናኘውን ገመድ ሲያይ በውስጡ ነፍሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሳቡ እንደታየው ተናግሯል። የጨዋታው ትልቁ ብርታት ይህ ሐሳብ ነው፤ ሌሎች የጊዜው ጨዋታዎች ገመዱን ለፉክክር ሲያውሉት ይህኛው ለልውውጥ አዋለው።

አሠራሩ ሆን ተብሎ የተጎደለ ነው። ቀይ ውስጥ ብቻ የሚገኙ 11፣ ሰማያዊ ውስጥ ብቻ የሚገኙ 11 ፍጥረታት አሉ። ለምሳሌ ግሮውሊዝ፣ ማንኪና ሳይዘር የቀይ ናቸው፤ ቨልፒክስ፣ ሚያውዝና ፒንሰር የሰማያዊ። ከዚያም አራት ፍጥረታት ወደ መጨረሻ መልካቸው የሚቀየሩት በገመድ ሲሻገሩ ብቻ ነው፦ ካዳብራ፣ ማቾክ፣ ግራቭለርና ሆንተር። በዚያ ላይ ጨዋታው ደጋግሞ «አንዱን ምረጥ» ይላል፤ ከሦስት መነሻ ፍጥረታት አንዱን፣ ከሁለት ቅሪተ አካል አንዱን፣ ከሂትሞንሊና ከሂትሞንቻን አንዱን። አንዷ ኢቪም ከሦስት መልኮች ወደ አንዱ ብቻ ትለወጣለች። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች አንዱ ቀይ ሌላው ሰማያዊ ስለያዙ ብቻ ስብስቡ አይሞላላቸውም፤ ምርጫቸውም መለያየት አለበት። ሳይማከሩ ሁለቱም ያንኑ መነሻ ከመረጡ፣ የቀሩትን ሁለት መስመሮች ከሌላ ሰው ወይም እንደገና ከተጀመረ ጨዋታ ካልሆነ አያገኟቸውም። ሚው የተባለችው ፍጥረት ደግሞ በጨዋታው መደበኛ መንገድ ጭራሽ የለችም።

ልውውጡ የሚቻለው የፍጥረታት መዝገብ የሆነውን ፖኬዴክስ ከፕሮፌሰር ኦክ ከተቀበላችሁ በኋላ ነው። መነሻውን ይዛችሁ ቪሪዲያን ከተማ ትሄዳላችሁ፤ ከሱቁ የሚሰጣችሁን ጥቅል ለኦክ ትመልሳላችሁ፤ ፖኬዴክሱን ትቀበላላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ማንኛውም ፖኬሞን ሴንተር ውስጥ በቀኝ በኩል ያለችው ሠራተኛ ታገናኛችኋለች። ልውውጥ ሁልጊዜ አንድ ለአንድ ነው፤ በነፃ መስጠት የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ መንገድ ላይ የያዛችሁትን አንድ ርካሽ ፍጥረት ለመለዋወጫ አስቀምጡ። ካዳብራን ወደ አላካዛም ቀይራችሁ ለራሳችሁ ማስቀረት ከፈለጋችሁ ሁለት ጊዜ መሻገር ግድ ነው፤ አንዴ ሲሄድ፣ አንዴ ሲመለስ።

ከሌላ ሰው የመጣ ፍጥረት አንድ ተኩል እጥፍ ልምድ ያገኛል፤ ቶሎ ያድጋል ማለት ነው። ማስያዣውም አለ፦ የጂም (የፍልሚያ ቤት) አለቆችን ስታሸንፉ የምታገኙት ባጅ ሳይኖራችሁ ከሌቭል 10 በላይ ከሆነ አይታዘዝም። ካስኬድ ባጅ ገደቡን ወደ 30፣ ሬይንቦው ወደ 50፣ ማርሽ ወደ 70 ያነሳዋል፤ የመጨረሻው ኧርዝ ባጅ ገደቡን ጨርሶ ያስወግዳል። ታላቅ ወንድም ለታናሹ ሌቭል 60 ቻርዛርድ ልኮ ጨዋታውን በአንድ ቀን እንዳይጨርስለት የታሰበ፣ በጣም የበሰለ ሚዛን ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው ወፍራም ጌም ቦይ የገመድ ቀዳዳ ከፖኬትና ከከለር ይለያል፤ ትልቅ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ የማይመሳሰሉ ማሽኖች ከሆኑ አንዱ ጫፍ ትልቅ ሌላው ትንሽ የሆነ ገመድ ወይም መለወጫ ያስፈልጋል። የጃፓንኛ ካርትሪጅን ከእንግሊዝኛው ጋር ማገናኘት የተቀመጠውን ጨዋታ ያበላሻል፤ የስም ርዝመቱና የመረጃው አቀማመጥ ስለማይገጥም ነው። ሦስተኛው፣ ልውውጥ እየተካሄደ ወይም ጨዋታው ሴቭ እየተደረገ ማሽን ማጥፋት ነው። አንዳንዶች ፍጥረትን ለማባዛት ሆን ብለው ያደርጉታል፤ በቅጽበት ስህተት ግን ያለው ሁሉ ይጠፋል። ያላችሁ የሴቭ ቦታ አንድ ብቻ መሆኑን አትርሱ።

የመነሻ ምርጫው የክብደት ምርጫ ነው

ጨዋታው «ቀላል ወይስ ከባድ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ግን ጥያቄውን በመነሻ ምርጫው ደብቆ አቅርቦታል። የመጀመሪያው የጂም አለቃ ብሮክ ሌቭል 12 ጂኦዱድና ሌቭል 14 ኦኒክስ አሉት፤ ሁለቱም ድንጋይና መሬት ናቸው። ውኃም ሣርም እነዚህን በአራት እጥፍ ይመታል። ስለዚህ የሣሩን ባልባሶር ወይም የውኃውን ስኩዊርትል የያዘ በቀላሉ ያልፋል። ባልባሶር ሁለተኛዋን የውኃ አለቃ ሚስቲንም ይችላታል። የእሳቱን ቻርማንደር የያዘ ግን ሁለቱም በሮች ይከብዱታል።

ቻርማንደር ይዞ ብሮክ ላይ መሸነፍ የተለመደ ነው፤ መውጫውን የሚያሳየው ግን ቁጥሩ ነው። ኦኒክስ የመከላከያ መነሻው 160 ሲሆን ስፔሻሉ፣ ማለትም እንደ እሳትና ሳይኪክ ያሉ ጥቃቶችን የሚቋቋምበት አቅም፣ 30 ብቻ ነው፤ በጭረት ብትመቱት ግድግዳ መቧጠጥ ነው። እሳት ደግሞ በስፔሻል የሚሰላ ጥቃት በመሆኑ፣ ድንጋይ ግማሹን ቢቀንሰውም ኤምበር ከጭረት የተሻለ ይጎዳል። ቻርማንደር ኤምበርን በሌቭል 9 ይማራል። የበለጠ ዋስትና ከፈለጋችሁ ቪሪዲያን ጫካ ውስጥ ካተርፒ ያዙ፤ በ7 ሜታፖድ፣ በ10 በተርፍሪ ይሆናል፣ በ12 ኮንፊውዥን ይማራል። ይህም በስፔሻል የሚሰላ ስለሆነ ኦኒክስን ጠራርጎ ይጥለዋል። እዚያው ጫካ የሚገኘው ፒካቹ ለዚህ ፍልሚያ አይረዳም፤ ኤሌክትሪክ መሬትን አይነካም።

በነፍሳት የተሞላች አንዲት ጫካ የድንጋይ ግድግዳ የሚያፈርስ መልስ ደብቃ መያዟ፣ ልጅም ይህን በራሱ ማግኘት መቻሉ፣ የዚህ ጨዋታ ንድፍ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ያሳያል።

255 ከ256 ያንሳል

አሁን ወደ ስህተቶቹ። ባይት ማለት ከ0 እስከ 255 ያሉትን 256 ቁጥሮች ብቻ የሚይዝ ትንሽ ሳጥን ነው። ጨዋታው መቶ በመቶን የሚጽፈው 255 ብሎ ነው። ጥቃት ሲሰነዘር ማሽኑ ከ0 እስከ 255 አንድ ቁጥር በዕጣ ያወጣል፤ የወጣው ከ255 ካነሰ ጥቃቱ ያገኛል። 255 ራሱ ሲወጣ ግን አያንስም፤ እኩል ነው። ስለዚህ ማንኛውም «የማይስት» ጥቃት ከ256 አንድ ጊዜ ይስታል። «ያነሰ ወይም እኩል የሆነ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ ጉዳዩ ባለቀ ነበር። የማግኛ ፈተናውን ጨርሶ ስለሚዘለው ከዚህ የሚያመልጠው ስዊፍት የተባለው ጥቃት ነው።

ከባድ ምት የሚባለው፣ ክሪቲካል የሚሉት፣ ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። ዕድሉ የሚሰላው ከፍጥረቱ መነሻ ፍጥነት ነው፦ ፍጥነቱ ለሁለት ይካፈልና ከ256 ይታያል። ጆልቲዮን መነሻ ፍጥነቱ 130 ነው፤ ግማሹ 65 ነው፤ ከ256 ውስጥ 65 ማለት 25 በመቶ ገደማ። ዘገምተኛው ስኖርላክስ 30 ነው፤ ግማሹ 15 ነው፤ 6 በመቶ አይሞላም። ፈጣን መሆን በዚህ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ይከፍላል ማለት ነው፤ ቀድሞ ይመታል፣ ብዙ ጊዜም በከባዱ ይመታል። ለከባድ ምት የተመረጡ ጥቃቶች፣ ማለትም ስላሽ፣ ሬዘር ሊፍ፣ ካራቴ ቾፕና ክራብሀመር፣ ይህን ዕድል በስምንት ያባዙታል። መነሻ ፍጥነቱ 64ና ከዚያ በላይ የሆነ ማንኛውም ፍጥረት በስላሽ ሲመታ ዕድሉ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፤ ከ256 ውስጥ 255። ቻርዛርድ ወይም ፐርዢያን በስላሽ ሲመታ ከባድ ምት ሆነ ብሎ መደነቅ አያስፈልግም፤ ካልሆነ ነው የሚገርመው።

ከዚህ ሂሳብ መሃል ነው የጨዋታው አሳዛኝ ስህተት ያለው። ፎከስ ኢነርጂ የተባለው ስልት የከባድ ምትን ዕድል በአራት እንዲያባዛ ታስቦ ነበር። በኮዱ ውስጥ ማባዛቱ መካፈል ሆኖ ተጻፈ። ስለዚህ ዕድሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። የጆልቲዮን 25 በመቶ 6 ገደማ ይሆናል፤ አንድ ተራ አባክኖ ራስን ማዳከም ነው። ዳየር ሂት የተባለው ዕቃም ያንኑ ምልክት ስለሚጠቀም ያንኑ ጉዳት ያደርሳል፤ ገንዘባችሁን አታውጡበት። ጨዋታው ይህን የትም አይነግራችሁም።

ሌላም ነገር አለ፦ ከባድ ምት ጉዳቱን የሚያሳድገው የአጥቂውን ሌቭል በስሌቱ ውስጥ በእጥፍ በማስገባት ነው። ሌቭል 5 ላይ ይህ 1.5 እጥፍ ይሆናል፤ ሌቭል 100 ላይ 1.95። ከባድ ሲሆን ግን በጦርነቱ ውስጥ የተጨመሩና የተቀነሱ አቅሞችን ሁሉ ይዘላል፤ የራስንም ጭምር። ሶርድስ ዳንስ ተጠቅማችሁ ጥቃታችሁን እጥፍ ካደረጋችሁ በኋላ በስላሽ ብትመቱ ያ ዝግጅት እንዳልነበረ ይቆጠራል። ስለዚህ ሶርድስ ዳንስን ከስላሽ ጋር አታጣምሩ፤ ከተራ ጥቃት ጋር ነው የሚሠራው።

ሳይኪክ ለምን አይቻልም?

በዓይነቶች ሰንጠረዥ ላይ 15 ዓይነት አለ፤ ብዙዎቹ እርስ በርስ ይገታታሉ። ሳይኪክ ግን ያለ ልጓም ቀርቷል፤ ለዚህም የተደራረቡ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ስህተት ነው። ሰንጠረዡ ላይ መንፈስ ሳይኪክን በእጥፍ እንዲጎዳ ታስቦ ዜሮ ተጽፏል። ጨዋታው ውስጥ ያሉ ገጸ ባሕርያት ራሳቸው ሳይኪክ መንፈስን ይፈራል ይላሉ፤ ኮዱ ግን ያስተባብላቸዋል። ስህተቱ ባይኖርም ብዙ አይለወጥም ነበር፤ የሳይኪክን ደካማ ጎን ሊጠቀም የሚችለው የመንፈስ ጥቃት ሊክ ብቻ ነው፤ ጉልበቱም 20 ነው። ናይት ሼድ ቋሚ ጉዳት ነው፤ ኮንፊውዝ ሬይ ጉዳት የለውም። መንፈስ የሆኑትም የጋስትሊ ቤተሰብ ብቻ ናቸው፤ እነሱም መርዝም ስለሆኑ ሳይኪክ በእጥፍ ይጎዳቸዋል። አዳኙ ታዳኝ ሆኖ ቁጭ አለ።

የቀረው የነፍሳት ዓይነት ነው። ይህ በትክክል ይሠራል፤ ጥቃቶቹ ግን ሦስት ሲሆኑ ሁሉም ደካሞች ናቸው፦ ሊች ላይፍ 20፣ ፒን ሚሳይል በአንድ ምት 14፣ ትዊንኒድል ሁለት ጊዜ 25።

ከሁሉ በላይ ግን ስፔሻል የሚባለው አቅም ነው። በዚህ ጨዋታ ስፔሻል አንድ ቁጥር ነው፤ ለማጥቃትም ለመከላከልም ያው ነው። አላካዛም 135 አለው፤ ሚውቱ 154። ሚውቱ አምኒዥያ አንዴ ሲጠቀም ማጥቃቱም መከላከሉም በአንድ ተራ እጥፍ ይሆናል። ማህደረ ትውስታ ለመቆጠብ የተመረጠ አንድ ቁጥር የጨዋታውን ሚዛን እንዲህ አዘመመው። በ1999 ጃፓን ውስጥ የወጡት ወርቅና ብር ስፔሻልን ለሁለት ከፍለው፣ ጨለማና ብረት የሚባሉ ዓይነቶችን ጨምረው ነው ያረሙት።

ለተጫዋች መፍትሔው በአካል መምታት ነው። የሳይኪክ ጂም አለቃዋ የሳብሪና አላካዛም ሌቭል 43 ነው፤ ግን የመከላከያ መነሻው 45፣ የሕይወቱ 55 ብቻ ነው። ስኖርላክስ በቦዲ ስላም ሲመታው ብዙ አይቆይም። ሁለት ስኖርላክሶች መንገድ 12ና 16 ላይ ተኝተው መንገድ ዘግተዋል፤ በፖኬ ፍሉት ይነቃሉ። ብትጥሏቸው ተመልሰው አይመጡም፤ ስለዚህ ከማንቃታችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ። ቦዲ ስላምን ለሌላ ፍጥረት ማስተማር የሚፈልግ፣ ስልት የሚያስተምረውን ዕቃ ቲኤም 08ን ኤስ ኤስ አን መርከብ ውስጥ ያገኘዋል። ከካፒቴኑ «ከት» የተባለውን ስልት ተቀብላችሁ ስትወጡ መርከቡ ለዘለዓለም ይሄዳል፤ ክፍሎቹን ሁሉ ሳትፈትሹ አትውረዱ።

የተቃዋሚዎቹም ማሰቢያ ደካማ ነው። ብልጥ የተባሉት አለቆች ስልት ሲመርጡ የሚያዩት ዓይነቱ ይጎዳል ወይ የሚለውን ብቻ ነው፤ ጉዳት ያደርሳል ወይ ብለው አይጠይቁም። ኢሊት ፎር ከሚባሉት በጨዋታው መጨረሻ ከሚገጥሟችሁ አራት ተፋላሚዎች የመጨረሻው ላንስ ሌቭል 62 ድራጎናይት አለው። ስልቶቹ አጂሊቲ፣ ባሪየር፣ ሀይፐር ቢምና ስላም ናቸው። አጂሊቲና ባሪየር በዓይነታቸው ሳይኪክ ስለሆኑ፣ መርዝ የሆነ ፍጥረት ፊቱ ስታቆሙ ፍጥነቱንና መከላከያውን ደጋግሞ ከማሳደግ በቀር አይመታችሁም። ቬኑሶር ያለው ሰው ያንን አስፈሪ ድራጎን በሊች ሲድና በመርዝ ቀስ ብሎ ይጨርሰዋል።

በሰው ለሰው ፍልሚያ ላይ ደግሞ የሚያስመርረው በረዶ ነው። የቀዘቀዘ ፍጥረት በራሱ አይቀልጥም፤ ተቃዋሚው በእሳት ካልመታው ወይም ሄዝ የተባለውን ስልት ካልተጠቀመ እስከ መጨረሻው ደርቆ ይቀራል። ብሊዛርድ ጉልበቱ 120፣ የማግኘት ዕድሉ 90 በመቶ፣ የማቀዝቀዝ ዕድሉ 10 በመቶ ነው። ከአሥር አንዴ አንዱን ፍጥረታችሁን በቋሚነት የሚያስወጣ ጥቃት ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

ቦርሳ፣ ሣጥንና የማይረሱ ስልቶች

ቦርሳው 20 ዓይነት ዕቃ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ 50። ቲኤሞቹ ብቻ 50 ናቸው፤ እያንዳንዱም አንድ ቦታ ይወስዳል፤ አንዴ ከተጠቀማችሁበት ያልቃል። ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት ቦርሳውን ወደ 10 ዕቃ አውርዱ፤ አለበለዚያ መሬት ላይ ያገኛችሁትን ትታችሁ ትመለሳላችሁ።

የፍጥረት ማስቀመጫው 12 ሣጥን ነው፤ በእያንዳንዱ 20። ሣጥን ሲሞላ ጨዋታው ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ስድስት ፍጥረት ይዛችሁ ሣጥኑም ሞልቶ ከሆነ ኳስ መወርወር አትችሉም። ሚውቱ ፊት ቆሞ ይህን መረዳት በጣም ያበሳጫል። ሴሩሊያን ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ሣጥን ለውጡ፤ ሲለወጥ ጨዋታው ራሱ ሴቭ ያደርጋል።

ኤችኤም የሚባሉት፣ እንደ ከት ያሉ አምስት ስልቶች አንዴ ከተማሩ አይረሱም፤ የሚያስረሳም ሰው የለም። ስለዚህ «ከት»ን ለዋና ተዋጊያችሁ አታስተምሩ። ቨርሚሊየን ውስጥ ስፒሮው ተቀብሎ ፋርፌችድ የሚሰጥ ሰው አለ፤ ፋርፌችድ «ከት»ንና «ፍላይ»ን ይሸከማል። ሲልፍ ካምፓኒ ውስጥ በስጦታ የሚገኘው ላፕራስ ሰርፍንና ስትሬንግዝን ይይዛል፤ ሰርፍ ለእሱ ሸክም አይደለም፣ ጥሩ መሣሪያው ነው።

የተደበቀው እድገትም መገለጥ አለበት። እያንዳንዱ ድል በተሸናፊው መነሻ አቅም ልክ ድብቅ ነጥብ ይጨምራል፤ ከፍተኛው በአንድ አቅም 65,535 ነው። በጨዋታው ገንዘብ በ9,800 የሚሸጡት ቫይታሚኖች 2,560 ይጨምራሉ፤ ግን ከ25,600 በላይ አይሠሩም፤ ማለትም ገና በተያዘ ፍጥረት ላይ አሥር ብቻ። ስለዚህ ቫይታሚን የሚሰጠው መጀመሪያ ነው፤ ከብዙ ውጊያ በኋላ እንቢ ይላል። ነጥቡ በአቅም ላይ የሚታየው ሌቭል ሲጨምር ነው፤ ሌቭል 100 የደረሰውን ደግሞ ሣጥን ውስጥ አስገብታችሁ ብታወጡት እንደገና ይሰላል።

ሚሲንግኖ እንዴት ይመጣል?

ቪሪዲያን ውስጥ ያለው ሽማግሌ ፍጥረት እንዴት እንደሚያዝ ሲያሳይ ስክሪኑ ላይ የእሱ ስም መታየት አለበት። ጨዋታው የእናንተን ስም ለጊዜው የሚያኖርበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ የመረጠውም የሣር ውስጥ ፍጥረታት ዝርዝር የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። በተለምዶ ችግር የለውም፤ ሣር ያለበት ቦታ ስትደርሱ ዝርዝሩ ይታደሳል። ሲናባር ደሴት ላይ ግን ሣር ስለሌለ ዝርዝሩ አይታደስም። የደሴቱ የምሥራቅ ዳርቻ ደግሞ በስህተት እንደ ሣር ይቆጠራል። ሽማግሌውን አነጋግራችሁ፣ በፍላይ ወደ ሲናባር ሄዳችሁ፣ በዚያ ዳርቻ በሰርፍ ወደ ላይና ወደ ታች ስትዋኙ ማሽኑ የስማችሁን ፊደላት እንደ ፍጥረትና እንደ ሌቭል ያነባቸዋል። ቁጥሩ ከየትኛውም ፍጥረት ጋር ካልገጠመ ሚሲንግኖ የተባለው በስህተት የሚፈጠር ፍጥረት ይመጣል።

«ታየ» ብሎ ሲመዘግበው ምልክቱ ከፖኬዴክሱ አልፎ ቦርሳው ላይ ያርፋል፦ የስድስተኛው ዕቃ ብዛት ከ128 ካነሰ 128 ይጨመርበታል። ሌቭል የሚጨምረውን ሬር ካንዲ ወይም የማይስተውን ኳስ ማስተር ቦልን ስድስተኛ ቦታ ላይ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። ዋጋው የሆል ኦፍ ፌም መዝገብ መበላሸቱ ነው፤ የአሸናፊነት መዝገባችሁ ውድ ከሆነባችሁ አትሞክሩት።

ካርትሪጁ ሲያረጅ

በኒንተንዶ 3ዲኤስ ላይ ጨዋታው በፌብሩዋሪ 2016 ስህተቶቹን እንደያዘ፣ ልውውጡ በገመድ ምትክ በሽቦ አልባ ግንኙነት ሆኖ ቀርቦ ነበር፤ የማሽኑ የኢንተርኔት ሱቅ ግን በማርች 2023 ለግዢ ተዘግቷል። አሁን የሚገዛው በአብዛኛው ያገለገለ ካርትሪጅ ነው፤ በዚህ ላይ መጀመሪያ የሚታየው ባትሪው ነው። የተቀመጠው ጨዋታ የሚኖረው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በሚጠፋ ማህደረ ትውስታ ላይ ነው፤ ያንን የምታቆየው በሰሌዳው ላይ ያለች ባለ 3 ቮልት ክብ የሊትየም ባትሪ ናት። ባትሪው ሲሞት ጨዋታው ይከፈታል፤ ሴቭ አደረግሁም ይላል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ግን «ቀጥል» የሚለው ምርጫ የለም። ስትገዙ ፈተናው ይህ ነው፦ አዲስ ጀምሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ አጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ አብሩ።

ለመቀየር 3.8 ሚሊ ሜትር የኒንተንዶ ብሎን መፍቻና መበየጃ ያስፈልጋል። ከመግዛታችሁ በፊት ከፍታችሁ አሮጌው ባትሪ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡና ያንኑ፣ የብረት እግሮቹ አስቀድመው የተበየዱለትን ግዙ። ባዶ ባትሪ ላይ በቀጥታ መበየድ አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ሊያፈነዳው ይችላል። በፕላስተር ማጣበቅ ደግሞ ለጊዜው ይሠራና ካርትሪጁ ሲነቀነቅ ግንኙነቱ ተቋርጦ ሁሉ ይጠፋል። ሰሌዳው ላይ የተጻፉትን የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ምልክቶች አይታችሁ አስገቡ።

አሮጌው ባትሪ ሲነሳ በላዩ ያለው ጨዋታ ይሄዳል። ያሳደጋችኋቸውን ማዳን ከፈለጋችሁ፣ መበየጃው ከመጋሉ በፊት ሌላ ካርትሪጅ ያለው ሰው ፈልጉና በገመዱ አሻግሯቸው፤ በምትካቸው ከመንገድ 1 የተያዙ ራታታዎችን ተቀበሉ። ባትሪው ከተቀየረ በኋላ አዲስ ጨዋታ ጀምራችሁ፣ ፖኬዴክሱን እስክትቀበሉ ድረስ ሄዳችሁ፣ አንድ በአንድ መልሷቸው።